ብድጌና ቆጣሪው ወንበር

ትርንጎ አስማረ በ2098 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። የጣላት ሚዛኑ ነው። ሚዛኑ ሰው ለመጣል ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ለትርንጎ ያን ያህልም አልፈጀበትም።

«በ2014 ዓ.ም. ደሴ ከተማ በሠርግ ላይ የተቀረጹ፣ ስማቸው ያልተመዘገበ ሚዜ ይመስላል» አላት በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ። «ተመሳሳይነት፣ ከመቶ ሰማንያ ስምንት። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል። መልካም ቀን።»

የደብረ ብርሃን ሰው ሚዛኑን «እትዬ ይመስላል» ይለዋል። ዘፋኝም ሁን ተረበኛ፣ ሰው ፊት ለመቆም ካሰብክ መጀመሪያ እትዬ ይመስላል ፊት መቆም አለብህ። እሷ ካሜራ ከተፈጠረ ጀምሮ የተቀረጸውን ሁሉ ታውቃለች፤ ማን የት እንደሳቀ፣ ማን በየትኛው እግሩ እንደተደናቀፈ አንድ አይቀራትም። ከመቶ ሃያ በላይ ሌላ ሰው ከመሰልክ መድረክ የለህም። ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ የራሱን ገፀ ባሕርይ ይዞ ሰው ፊት እንዳይቆም ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። የተከራየ መልበስ ግን አይከለከልም።

ትርንጎ የምትለብሰው የተከራየ ነው። ዱዱ ይባላል። ዱዱ ቢጫ ፀጉርና ቀይ አፍንጫ ያለው ክላውን ሲሆን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባቡር ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ «አሁን ተደናቀፊ» ይላታል፤ ትደናቀፋለች። «አሁን ተነሺ» ሲላት ትነሳለች። በዚያችው ደቂቃ በሌሎች አሥራ ሦስት ጣቢያዎች አሥራ ሦስት ዱዱዎች ተደናቅፈው ይነሳሉ። መንገደኛው በጨዋነት ፈገግ ብሎ ያልፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሳምንት ታማ ቀርታ ነበር፤ ስትመለስ የት ጠፋሽ ያላት ሰው አልነበረም። ዱዱ አንድም ቀን አልቀረማ። ያን ቀን መልበሻ ክፍል ገብታ፣ አፍንጫውን ሳታወልቅ አለቀሰች። ሦስተኛውን ፈተና ከወደቀች ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ዱዱ ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

ያስተማሯት ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ድሮ በአንድ እጃቸው ቆመው መቶ ሰው ያስጮሁ አክሮባት ነበሩ፤ አሁን ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰውን ጉድለት ይለቅማሉ።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አሏት የሁለተኛውን ውጤት ስትነግራቸው። «ሚዜ ያስቃል ሲሉ ሰማሽና ሚዜ ሆንሽ። እኔ ጥለፊ ብዬሻለሁ እንዴ? ውለጂ ነው ያልኩሽ!»

«እንዴት አድርጌ ልውለድ ጋሼ? ያልተቀረጸ ነገር የታለ?»

«እሱን እኔ ባውቀው ኖሮ እዚህ በርጩማ ላይ ምን እሠራ ነበር?»

ሦስት ወር ሞከሩ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ያለው ልብስ ሰፊ ሆነች፤ ሠርጓ የት ድንኳን እንደሆነ የጠፋባት ሙሽራ ሆነች፤ ግራና ቀኙን የረሳ ወታደር ሆነች። ማታ ቤቷ ስትገባ መስታወቷ ፊት ትደግመዋለች። መስታወቱ ከእትዬ ይመስላል ጋር የተገናኘ ነው፤ ቁጥሩን ግንባሯ ላይ ይጽፍላታል። ስልሳ አራት። ሰባ አንድ። ወታደሩ ዘጠና ሦስት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

አንድ ቀን ጋሽ ድንበሩ ሰለቻቸውና በዱላቸው መሬቱን መቱ። «ነይ ወዲህ። የሚያሳፍርሽ ነገር ምንድን ነው?»

«እኔን? ምንም።»

«ክላውን የሚወጣው ከዚያ ነው። ሰው እንዳያይብሽ ከምትደብቂው ነገር።»

«ምንም የምደብቀው የለኝም ጋሼ።»

ዋሸቻቸው። ትርንጎ ሰው ባለበት ወንበር ላይ አትቀመጥም። ክሊኒክ ብትሄድ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትጠብቃለች፤ እግሬን ስለሚያመኝ ነው ትላለች። በዚያ ዘመን ቆሞ መጠበቅ ማለት መጨረሻ መግባት ማለት ነው፤ ወንበር ይቆጥራላ። የተቀመጠ ተራ አለው፤ የተነሳ የለውም። ለአፍታ ብድግ ካልክ ወንበሩ «ተራዎ ተሰርዟል» ብሎ መጨረሻ ይሰድሃል። ክሊኒክ እንዲህ ነው፣ ባንክ እንዲህ ነው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት ሩብ ሰዓት ሳይሞላህ ከተነሳህ ሐዘንተኛው ዘንድ አልመጣህም ተብለህ ትመዘገባለህ። ስለዚህ ሰው ለሰው መነሳት ትቷል። አዛውንት ሲገባ ወጣቱ ቅንድቡን ከፍ ያደርግለታል፤ አክብሮት ይኸው ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

ትርንጎ ግን የእድር ዳኛ ልጅ ናት። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ አስማረ ቤት ከማለዳ ጀምሮ ሰው ይገባ ይወጣ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር አባቷ ትከሻዋን ነካ ያደርጓታል፤ ትንሿ ትርንጎ እርሳሷን ይዛ ብድግ ትላለች፤ «ኖር!» ትላለች። የመጣው ሰው «በእግዜር! ኧረ ተቀመጪ!» ይላታል። ገና እንደተቀመጠች ሌላ ይመጣል። የማባዛት ሰንጠረዥን ያጠናችው ከወንበሩ ግማሽ ተነስታ ነው። አባቷ ሞቱ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ የትርንጎ ጉልበት ግን አልሰማም። በር ሲከፈት ሳታስበው ይነሳል። ብትይዘው ይነሳል። ይህንን ነው የምትደብቀው።

ሦስተኛው ሙከራ የሚመዘገበው በአካል፣ ከምስክር ጋር ነው። ቆሞ መጠበቅም አይቻልም፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ትርንጎ በየካቲት አንድ ማለዳ መመዝገቢያው አዳራሽ ሄዳ፣ እግዜርን ለምና ተቀመጠች። ቁጥሯ ስልሳ ሦስት ነው። ጋሽ ድንበሩ ለምስክርነት ሊመጡ ቀጥረዋታል፤ እንደ ልማዳቸው አርፍደዋል። አዳራሹ ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው ጸጥ ብሏል። ቁጥር ሃምሳ አምስት ተጠራ።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ድንበሩ ገቡ።

ብድግ አለች።

«ተራዎ ተሰርዟል» አለ ወንበሩ። «አዲሱ ቁጥርዎ አንድ መቶ አሥራ አራት ነው።»

ቶሎ ቁጭ አለች። ፊቷ ጋለ። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጭና ጉልበቷን ወደ ታች ያዘችው። በሩ ተከፈተ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች። ጭኗ ከእጇ አምልጦ ተነሳ። «አንድ መቶ አሥራ አምስት።» ጥበቃው ገባ። ጥበቃው የመጣው መስኮት ሊዘጋ ነው፤ ቢሆንም ተነሳችለት። «አንድ መቶ አሥራ ስድስት።» አሁን ሰዉ ዞሮ ያያት ጀመር። ትርንጎ ቦርሳዋን እንደ ድንጋይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ዐይኗን ጨፈነች።

ለአራተኛ ጊዜ በሩ ተከፈተ። የከፈተው የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው። ሰው የለም። ትርንጎ ዐይኗን እንደጨፈነች ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ኖር!» አለች ለነፋሱ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሰዉ ተራው እንዳይሰረዝበት ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወደ ታች እየተጫነ ሳቀ። አንዱ እንባውን ሊጠርግ ፈልጎ ወንበሩን መልቀቅ ስለፈራ እንባው አገጩ ላይ ደረሰ። ትርንጎ ቦርሳዋን አንስታ እየሮጠች ወጣች።

ጋሽ ድንበሩ ሲደርሱባት ግንብ ተደግፋ እያለቀሰች ነበር። እሳቸውም ያለቅሳሉ፤ የእሳቸው ግን የሳቅ ነው።

«መጣች!» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «መጣች እኮ!»

«ማን ናት የመጣችው?»

«ስንፈልጋት የከረምነው! እስካሁን የት ደብቀሻት ነው አንቺ?»

«ጋሼ፣ ይዩኝ እንጂ። ተዋረድኩ። አባቴ ጉድ ሠራኝ። የሠለጠነው ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኔ ብቻ እንደ ባላገር…»

«አባትሽ ነፍሱ ይማር፣ ያወረሰሽን እንቺ ስልሽ ታለቅሻለሽ? መቶ ሰው ሲስቅ መጨረሻ የሰማሽው መቼ ነው?»

አሰበች። ሰምታ አታውቅም። ዱዱን ሰው ፈገግ ይልለታል እንጂ አይስቅለትም።

«ይህማ የሁሉም ሰው ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «በድሮ ጊዜ ያልተነሳ ማን አለ? ሚሊዮን ጊዜ ተቀርጿል። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ትለኛለች።»

ጋሽ ድንበሩ ሳቃቸውን ተዉት። በርጩማ ስላልነበረ ግንቡ ሥር ቁጢጥ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ወጣት ሳለሁ ቀን ስገለባበጥ እውላለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሠርግ ቪዲዮ እቆርጣለሁ። በእጃችን ከቆረጥነው የመጨረሻዎቹ እኛ ነን። ካሜራ የሚከፈተው ሰው ተቀምጦ ካለቀ በኋላ ነው። ድንገት ሰው ገብቶ ያ ሁሉ እንግዳ ብድግ ካለ ምን አደርግ ነበር መሰለሽ? እቆርጠዋለሁ። ምስሉን ያበላሽብኛላ! ኖር፣ ቆረጥ። በእግዜር፣ ቆረጥ። ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ስንት ሺህ ኖር በዚህ እጄ እንደጣልኩ እግዜር ይወቀው። እትዬ ይመስላል ያላየችው ነገር ቢኖር እሱ ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትርንጎ ሽማግሌነታቸውን ልብ አለችው።

በዚያው ቀን ከመጨረሻው ሰው በኋላ ተመዘገበች፤ ቁጥሯ አንድ መቶ ሠላሳ ነበር።

የቀረው ሥራ ነው። ግንቦት እስኪገባ መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጠች፣ ተነሳች። መነሳቱ ሳይሆን ግማሹ ላይ መቆየቱ ነበር ከባዱ። ሙሉ ከተነሳች ቸኩላ የምትሄድ ትመስላለች፤ ትንሽ ብቻ ከተነሳች ወንበሩ የቆረቆራት ትመስላለች። መካከል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ጉልበት የሚንቀጠቀጥበት፣ ፊት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ፈገግ የሚልበት። እዚያ ቦታ ላይ እስከ አርባ ስትቆጥር መቆየት ቻለች። ቀይ አፍንጫውን ጣለችው። ከእናቷ ሳጥን ወጥቶ የማያውቅ ነጠላ አወጣች፤ ጫፉ ሁልጊዜ በወንበሩ እግር ይያዛል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሰው እንዲጠይቃት ፈልጋ ሳይሆን እጇ የሚያርፍበት ስላጣች ነው።

ስሟ ብቻዋን ሳለች መጣላት። «ብድጌ» አለች መስታወቷን። ብድጌ አርባ ዓመት ሙሉ ተራ የጠበቀች ሴት ናት። ቁጥሯ አንድ ነው። ቀጥሎ የምትገባው እሷ ናት። ሊጠሯት ሲሉ ሁልጊዜ ሰው ይመጣል።

መስታወቱ ግንባሯ ላይ ምንም አልጻፈም። ትርንጎ የተበላሸ መስሏት ጠረገችው። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ልብስ ጣል አደረገችበት፤ ፈራች።

ሦስተኛው ሙከራ ሰኔ አራት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ። ሕጉ በዕጣ የተመረጡ አርባ ተመልካቾች እንዲኖሩ ያዛል። አርባውም ቆጣሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከተነሱ የዕለቱ ግዴታቸው አልተፈጸመም ተብሎ ሌላ ቀን ይጠራሉ። ስለዚህ የመጡት ሠላሳ ዘጠኙ ቂጣቸው እንደተሰፋ ሆነው ጠበቋት፤ አንዱ ወንበር ገና ባዶ ነው። መድረኩ ላይ አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ እሱም ይቆጥራል። ጋሽ ድንበሩ የሚቀመጡት ከመስታወት ጀርባ ነው።

ብድጌ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ቁጥርዎ አንድ ነው» አለ ወንበሩ፤ ትርንጎ እንዲህ እንዲል አስቀድማ አስመዝግባዋለች። ብድጌ ተደሰተች። ቦርሳዋን አቀፈች። መብራቱ ትንሽ ሲርገበገብ ጉልበቷ ነቃ። ዝንብ ያለፈች መሰላት፤ ከፍ አለች፣ ተመለሰች። ሁለት ደቂቃ አለፈ። የሳቀ የለም። ሠላሳ ዘጠኙ ሰው ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። ትርንጎ ከብድጌ ውስጥ ሆና፣ አሥራ አራተኛዋ ዱዱ ሆና ስትሸብት ታያት።

ያን ጊዜ የአዳራሹ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። አርባኛዋ ተመልካች አርፍዳ ነበርና ጥበቃው በቀስታ አስገባት። ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ላለመሰማት በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች።

ይህ በልምምዱ ውስጥ አልነበረም። የትርንጎ ጉልበት ግን ልምምድ አይጠይቅም። ከወንበሯ ግማሽ ተነሳች፤ እውነቷን ነው የተነሳችው።

«ኖር!»

«ተራዎ ተሰርዟል» አለ ወንበሩ።

«ውይ!» አለች ብድጌ፤ ተቀመጠች። ሴትየዋ ደንግጣ ባለችበት ቆመች። ሰው ቆሞማ እንዴት ትቀመጥ! ተነሳች። «ተሰርዟል።» ተቀመጠች። ሴትየዋ አንድ እርምጃ ተራመደች። ተነሳች። «ተሰርዟል።» ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ በአፍንጫው የሆነ ድምፅ አወጣ። ከኋላ ሌላ ተከተለው። ሴትየዋ በኀፍረት «ኧረ በሞቴ ተቀመጪልኝ» ብላ በሹክሹክታ ለመነቻት፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹን የያዘው የለም።

ብድጌ አሰበች። ስታስብ ሰዉ ሁሉ አያት። ወንበሩን ከሥር በሁለት እጇ ያዘችና ቂጧ ላይ አጥብቃ ለጥፋ፣ ከነወንበሩ ብድግ አለች። ወንበሩ ዝም አለ። ተቀምጣለች፤ ተነስታለችም። እንደዚያው ሆና ሴትየዋን እየሸኘች እስከ መቀመጫዋ ድረስ ወሰደቻት። ከዚያ ለሽማግሌው ተነሳች፤ ለጥበቃው ተነሳች፤ ለበሩ፣ ለመብራቱ፣ በመጨረሻም ዞራ ከጣሪያው ሥር ላለችው ለራሷ ለእትዬ ይመስላል፣ ነጠላዋ በወንበሩ እግር ተጠምጥሞ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ «ኖር!» አለቻት። ዕድሜ ልኳን ያፈረችበት ነገር ደስ አላት። እየተንቀጠቀጠች ደስ አላት።

«ጊዜዎ አብቅቷል። ውጤት እስኪሰማ ከአዳራሹ ይውጡ።»

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ሁለት ሰከንድ አለፈ። አምስት አለፈ። አሥር። ሰው ሊወድቅ ሲል እንዲህ አይቆይም ነበር። ሃያ። ስንት እንደቆጠረች ጠፋት።

«ይመስላል…» አለ የሴቷ ድምፅ ከውስጥ፤ ቆመ። «ይመስላል…» አለ እንደገና። ሚዛኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቃል ጠፍቶት አያውቅም። «ተመሳሳይ ቅጂ አልተገኘም። ሰው ይመስላል። አልፈዋል።»

ትርንጎ ሁለት እጇን አፏ ላይ ልታደርግ ፈለገች፤ አልቻለችም። ለካ እጆቿ ወንበሩን እንደያዙ ናቸው። ከነወንበሩ ነው የወጣችው። እስካሁን አላስቀመጠችውም። በሩ በራሱ ተከፈተና እንደዚያው ጎብጣ ገባች።

ከፊት ረድፍ ያለው ሽማግሌ መጀመሪያ ተነሳ። ጉልበቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ እየተንቋቋ፣ ወንበሩን ለቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣

«ኖር!» አለ።

«ተራዎ ተሰርዟል» አለ ወንበሩ። የሰማው የለም። ያረፈደችዋ ሴት ጫማዋን እንደያዘች ተነሳች። ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ የኋላው፣ ከዚያ አርባውም። «ኖር! ኖር!» ወንበሮቹ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል እያሉ ይንጫጫሉ። ግማሹ ቃሉን ከሰማው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ግማሹ ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም፤ አፉ ግን አልተሳሳተም። ከመስታወቱ ጀርባ ጋሽ ድንበሩ ያንን የቪዲዮ መቁረጫ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

ትርንጎ በሕይወቷ ሰው ሲመጣ ተነስታለች እንጂ ስትመጣ የተነሳላት አልነበረም። መልሱን ታውቃለች፤ ብላው አታውቅም። ወንበሩን ከሥር ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«በእግዜር!» አለች። «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡልኝ!»

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ!» አለ ሽማግሌው።

«እናንተ ቆማችሁማ አይሆንም!»

«በሞቴ!»

«በእኔ ሞት!»

አርባ አንድ ሰው ግማሽ ተነስቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንዱ አንዱን እየለመነ፣ እየሳቀ፣ ማንም ቀድሞ ሊቀመጥ አልፈቀደም። የዕለቱ የአዳራሽ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲህ ይላል፦ የተቀመጡ፣ የለም። የቆሙ፣ የለም።